ከማንጎ ሻጯ ጀርባ የቆመው ልጅ

ጊንጪ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሪት ሃዋኒ ቦጂያ
አምቦ

አካም ጅርቱ፣ እንደምን አሉ? እርስዎ እኔን አያውቁኝም። ተሬፋ ዋቅጋሪ እባላለሁ፤ እዚህ ጊንጪ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሳንተዋወቅ ስለምጽፍልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ወዳጄ ዘገየ እህል መደብር ተቀምጬ ነበር። ዘገየ ለልጁ ሠርግ ቀን ሊመርጥ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ያገላብጣል። የካቲት ላይ ሲደርስ እጁን ያዝኩት። ማንጎ የምትሸጥ ሴት ፎቶ ነው፤ ከሥሩ የእርስዎ ስምና የፎቶ ቤትዎ አድራሻ ተጽፏል። የሴትየዋ የቅንድቧ ጠጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ከጀርባዋ ግን፣ የጭነት መኪና ጎማ አጠገብ፣ አንድ ወጣት ቆሟል። እሱ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ደብዝዟል። ፊት የለውም ማለት ይቻላል፤ አቋቋሙ ግን አለ። ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ ቀኝ ትከሻውን ከፍ አድርጓል።

ልጄ ፊራኦል እንደዚያ ነው የሚቆመው። ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ወር አለፈው፤ ያለበትን አናውቅም።

ፎቶው የት ነው የተነሳው? መቼ? በኮምፒውተር ከኋላ ያለውን ልጅ ማጥራት ይቻል ይሆን?

ለምን ስልክ አልደወለም ይሉ ይሆናል። ጆሮዬ ደክሟል፤ ስልክ የምታነሳልኝ ባለቤቴ አመለሸጋ ናት። ለእሷ አልነገርኳትም። ባለፈው ግንቦት አንድ ሰው አዲስ ዓለም ከተማ አይቼዋለሁ ብሎን ሄደች። ማርያም ደጅ ያገኘችውን ሁሉ እየጠየቀች ሦስት ቀን ከርማ፣ የደም ግፊቷ ተነስቶባት በሰው ተደግፋ ተመለሰች። እርግጠኛ ሳልሆን ያንን አልደግመውም። መልስዎን በአውቶብስ ረዳት እጅ ለዘገየ እህል መደብር ብለው ቢልኩልኝ ይደርሰኛል።

ከአክብሮት ጋር
ተሬፋ ዋቅጋሪ


አምቦ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ተሬፋ

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ እሑድ ደረሰኝ። እባክዎ አንቺ ይበሉኝ፤ አባቴ ቢኖር የእርስዎ እኩያ ነበር።

ፎቶውን ያነሳሁት ባኮ መናኸሪያ ነው፤ ሚያዝያ 14 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ። ይህ በፋይሉ ላይ የተመዘገበ ስለሆነ እርግጠኛ ነኝ።

ማጥራቱን ግን አልችልም። እምቢ ማለቴ እንዳይመስልዎ ምክንያቱን ልንገርዎ። ሠርግ የማነሳው በሌላ ካሜራ ነው። ይህኛውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ከነበረ ሰው ገዝቼ ለራሴ ደስታ የምይዘው ነው፤ ሬንጅፋይንደር ይሉታል። በመስኮቱ ሳይ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። እሷ ውስጥ የማየው ነገር ሁለት ሆኖ ይታየኛል። የሌንሱን ቀለበት እያዞርኩ ሁለቱን ምስል አጋጥማለሁ፤ የገጠሙበት ቦታ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሌንሱ ዙም የለውም፤ ሰው ለማቅረብ በእግሬ እጠጋለሁ። ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ በጣም ሰፊ ስለሆነ ጨለም ያለ ቦታም ያነሳል። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ስከፍተው ግን ጥርት የሚለው ከግማሽ ስንዝር አይበልጥም። በዚያን ቀን የገጠምኩት የሴትየዋ ዓይን ላይ ነበር። ከእሷ ኋላ ያለውን ሌንሱ ስላልያዘው ከየትም ፈልጌ አላመጣውም።

አሁን የደበዘዘ ፊት እናጠራለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስት የተለያየ ልጅ አወጣልኝ። ያንን ልኬ ልቀልድብዎ አልፈለግሁም።

አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። በዚህ ካሜራ መስኮት ሲያዩ ከቅርብም ከሩቅም ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው፤ መስኮቱና ሌንሱ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ እኔ ልጁን በዓይኔ ጥርት አድርጌ አይቼዋለሁ ማለት ነው፤ ግን አላስተዋልኩትም። ደግሞ ቀዳዳውን ጠበብ ማድረግ እችል ነበር፤ ሴትየዋ የዘረጋችው ሸራ ስር እንኳ በቂ ብርሃን ነበረ። ከፍቼ ያነሳሁት ስለሚያምርልኝ ነው። የኋላው ሲሟሟ ፊት ያለው ሰው ከዓለም ተነጥሎ ይወጣል። የሟሟው የሰው ልጅ መሆኑን አላሰብኩም።

የዚያን ቀን ሌሎች ሰባት ፎቶዎች አሉኝ፤ ስድስቱ ላይ የለም፣ በአንዱ ጀርባውን ሰጥቷል። የልጅዎን ፎቶ ቢልኩልኝ ጥሩ ነው። ካልከበደዎ ደግሞ ለምን እንደወጣ ይንገሩኝ።

ሃዋኒ


ጊንጪ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ፣

አንቺ ይበሉኝ ስላልሽኝ እንዲሁ ልጥራሽ። ለእውነቱ አመሰግንሻለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ከሦስቱ ልጆች አንዱን መርጦ ይልክልኝ ነበር።

ለምን ወጣ ላልሽው፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ጥር ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ ከነበረበት ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላለፈም። እሱ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። እኔም ለመንደሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል ብዬ አውርቼ ነበር። ውጤቱን ሳይ፣ እራት ቀርቦ እያለ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ አሳልፌ የራሴ ልጅ ያዋርደኝ?» አልኩት። ግማሹን በልቶ ተነሳ። ጠዋት አልነበረም። አመለሸጋ በሩ ሲከፈት ሰምታ ውሃ ሊቀዳ ነው ብላ ዝም አለች። እኔ አልሰማሁም። ጆሮዬ ደህና ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ ግን ብሰማስ ተነስቼ ምን እለው ነበር?

የየካቲቱን ገጽ ከዘገየ ለምኜ ወስጄ አትላስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አመለሸጋ ዘገየ ቤት ገብታ «የካቲት የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችው፤ ዘገየም አይጥ በላው አላት። ፎቶውን በአጉሊ መነጽር አያለሁ። ባየሁት ቁጥር ይርቃል፤ መጨረሻ ላይ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። አንዳንዴ የማየው ልጄን ይሁን ምኞቴን አላውቅም።

የትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ የነበረውን ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። አንቺ እንግዲህ በዚያ መስኮት አይተሽዋል። እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢ፤ ከስቶ ነበር? ብቻውን ነበር?

ተሬፋ


አምቦ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ተሬፋ

ከዚያ ወዲህ የላኩልኝ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። መልሴ ስለዘገየ በጣም ይቅርታ። ልጅዎን ልፈልግ ባኮ ሄጄ፣ መንገዱ ስድስት ቀን ተዘግቶ እዚያው ቀርቼ ነበር። አሁን አምቦ ገብቻለሁ፤ ደህና ነኝ።

የማንጎ ሻጯን አገኘኋት። ጉዴ ትባላለች፤ ያንን ቦታ ሳትለቅ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። አሁን ማንጎ ስለሌለ ፓፓያና ሸንኮራ ነው የምትሸጠው። የላኩልኝን ፎቶ አሳየኋት። ታውቀዋለች። እሷ ዘንድ ስሙ «ፍጹም» ነው፤ እንዲያ ብሎ ነው የነገራት። የበቆሎ መፈልፈያ ማሽን ላይ የሚሠሩ ልጆች መሃል ነበር አለችኝ።

ፎቶው ላይ ያለው ልጅዎ ነው። በሕይወት አለ። ይህን በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። ጤናውን ጠይቀውኛል፤ ይበላል፣ ይሠራል። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ላሉት፣ አላነሳሁትም።

አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ለጊዜው ባኮ አይሂዱ። ምክንያቱን አሁን አይጠይቁኝ። የመታወቂያውን ፎቶ ከዚህ ጋር መልሻለሁ።

ሃዋኒ


ጊንጪ፣ ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሕይወት አለ የሚለውን መስመር ብቻ ሃያ ጊዜ ያህል አንብቤዋለሁ። ሌላውን መስመር ግን እንደ ፈተና ወረቀት መረመርኩት። ብዙ ዘመን የተማሪ ፊት አይቻለሁ፤ የሚዋሽና የሚደብቅ ለየቅል መሆናቸውን አውቃለሁ። አንቺ አልዋሸሽም። «ይበላል፣ ይሠራል» አልሽ እንጂ «ደህና ነው» አላልሽም። አጠገቡ ሆነሽ፣ ካሜራ ይዘሽ፣ ፎቶ አላነሳሽውም። ምንድን ነው የሆነው?

አሁን ደግሞ የምደብቃት ሰው የለኝም። ደብዳቤሽ ሲመጣ እኔ ጡረታ ልቀበል ወጥቼ ነበር። ዘገየም ጨንቆት ሰጣት። ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች፤ አትላሱንም አግኝታዋለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለችኝ፣ እንድሰማት ፊቴ ድረስ መጥታ።

«ከጥቅምት።»

«እኔ ደግሞ እንቁላል ነኝ። ይሰበራል ብለህ አስቀመጥከኝ።»

ወረቀት አምጥታ «እኔ የምልህን ጻፍ፤ ከራስህ ምንም እንዳትጨምር» አለችኝ። እነሆ ቃሏ፦

«ልጄ ሃዋኒ፣ አመለሸጋ ነኝ፣ የፊራኦል እናት። የጎደለበት ነገር ካለ የጎደለውን ንገሪኝ። በዚህ አሥር ወር ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። ሞቶ ቀብሬዋለሁ። ታስሮ ስንቅ አመላልሼለታለሁ። አብዶ አስሬ ጠበል ወስጄዋለሁ። አንቺ የምታውቂው ከነዚህ አይብስም። እኔን ፈርተሽ ዝም ካልሽ ግን ሦስቱንም ደግሜ እጀምራለሁ።»

ጨምር ያላለችኝን አልጨመርኩም።

ተሬፋ


አምቦ፣ ኅዳር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ተሬፋና ለአዴ አመለሸጋ

ይህን ደብዳቤ ሁለታችሁ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት። አብሮት ያለውን ፖስታ ደብዳቤውን ሳትጨርሱ አትክፈቱት።

በመጀመሪያው ጉዞዬ ጉዴ ወደ መፈልፈያው ቦታ ወስዳኝ ፊራኦልን ራሱን አግኝቼው ነበር። ያናገረኝ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው። ማን እንደላከኝ ስነግረው «አላየሁትም በያቸው» አለኝ።

«አልዋሽም» አልኩት።

እጁን ከኪሱ አወጣው። «እንግዲያው ይህን አትንገሪያቸው።»

ሦስት ጣቶች የሉትም። ግንቦት ላይ ማሽኑ አፍ ላይ የታነቀ አገዳ ሲያወጣ ነው። ማሽኑን የሚያሠራው ዱጋሳ የሚባል ሰው ሐኪም ቤት አድርሶት አሳክሞታል፤ ቁስሉ ድኗል። አሁን ዱጋሳ ዘንድ ጆንያ ይሰፋል፣ የገባ የወጣውን ይቆጥራል። እኔ ሚያዝያ ላይ ሳነሳው ሁለቱም እጆቹ ሙሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ፎቶ ስከፍት መጀመሪያ የማየው የደበዘዘውን እጁን ነው።

ቃል ስለገባሁለት ዝም አልኩ። የአዴ አመለሸጋ ቃል ሲደርሰኝ ግን ዝም ማለት አቃተኝ፤ ሳያውቅ መናገሩም ከበደኝ። ትናንት ባኮ ሄጄ ደብዳቤውን ራሱ እንዲያነበው ሰጠሁት። የበቆሎ ቆረቆንዳ ክምር ላይ ተቀምጦ አነበበ። «አብዶ አስሬ ጠበል ወስጄዋለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነበት። ፊቴን አዙሬ ቆየሁ።

«ጥር ላይ ስወጣ እንደገና ልፈተን አስቤ ነበር» አለኝ በኋላ። «አልፌ ቤት ልገባ ነበር ያሰብኩት። አባዬ እንግዳ ሲመጣ ደብተሬን አውጥቶ የእጅ ጽሑፌን ነበር የሚያሳየው። አሁን ምን ይዤ ልግባ?»

ፎቶ ላንሳህ ወይ አልኩት። እሺ አለ።

ቆርቆሮው ጥላ ስር ስለነበርን እንደ ልማዴ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። ሁለቱን ምስል ዓይኑ ላይ አጋጠምኩ። ካሜራው ጀርባ ባለው ስክሪን አሳየሁት። ፊቱ ጥርት ብሏል፤ ጉልበቱ ላይ ያረፈው እጁ ግን ቅርጹ አይለይም። ሆን ብዬ ነው እንዲያ ያደረግሁት።

«እጄስ?»

«ከፎከስ ውጪ ነው። እንዲህ ቢላክ አይሻልም?»

አየው፣ አየው። «አይሻልም። አባዬ መነጽር ይዞ ሲገምት ሊውል ነው» አለ። «ሁለቱም እንዲታይ ማድረግ አይቻልም?»

ይቻላል አልኩት። ፀሐይ ላይ አወጣሁት። የሌንሱን ቀዳዳ ቁጥር አሥራ አንድ ላይ አድርጌ አጠበብኩት፤ በዚህ ካሜራ እንደዚያ አንስቼ አላውቅም ነበር። ከፊቱ እስከ እጁ፣ ከኋላው ያለው ክምርና አጥሩ ላይ ያለችው ዶሮ ሳትቀር ጥርት ብላ ወጥታለች። ለቀን መቁጠሪያ የሚመረጥ ፎቶ አይደለም። ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ይምጡ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «መንገዱ የሁሉም ነው» አለኝ። «ግን ሲመጡ መቆም የምችል አይመስለኝም፤ እግሬ ይወስደኛል።» የነገረኝን እንዳለ ጻፍኩት። ከዚህ በኋላ የደበቅኋችሁ ነገር የለም።

ሃዋኒ


ጊንጪ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሃዋኒ፣

እንደምን ሰነበትሽ? አዴ አመለሸጋ እንዴት ናቸው፣ አገኛችሁት ወይ፣ ለምን ዝም አላችሁ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለቱንም ደብዳቤዎች ያገኘኋቸው ትናንት ቤት ስገባ ነው።

ፎቶውን ያየን ቀን አመለሸጋ ጮኻ ታለቅሳለች ብዬ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። አላለቀሰችም። ለረጅም ጊዜ አይታው «ሸሚዙን ማን ነው የሚያጥብለት? ንጹሕ ነው» አለች። ከዚያ ሻንጣ ማውረድ ጀመረች። መንገዱ ክፍት ነው እስኪባል አራት ቀን ጠበቅን። ባኮ ስንደርስ ልጁ የለም። ዱጋሳን ጠየቅነው። «አውቶብሱ ሲገባ በመስኮቱ አይቷችሁ በጓሮ ወጣ» አለን። እግሬ ይወስደኛል እንዳለሽ ወሰደው።

እኔ መናኸሪያውን ስዞር ዋልኩ። ወደ ነቀምት የሚሄድ መኪና በተነሳ ቁጥር ተሳፍሮ ይሆን እያልኩ መስኮት ለመስኮት እሮጣለሁ። አመለሸጋ ግን ጉዴ አጠገብ ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠች። «ነይ እንፈልገው» ስላት «አልፈልገውም። እሱ ይየኝ» አለችኝ። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም እዚያው ነበረች። ፓፓያ ስትመዝን፣ ሸንኮራ ስትቆርጥ፣ የጉዴን ደንበኞች ስታስተናግድ አየኋት። አብዳለች ብዬ ፈራሁ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ቀና ስል ከጭነት መኪናው አጠገብ ቆሟል። አመለሸጋ አልተነሳችም፤ ጆንያዋን ጠጋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው። ሲቀመጥ እጁን ከኪሱ አወጣችው፤ ገልብጣ አየችው፣ ጀርባውንም መዳፉንም። የምትለው አልተሰማኝም። በኋላ ስጠይቃት «ሲበርድ ያምሃል ወይ አልኩት፤ አዎ አለኝ» አለች። ሌላም ያወሩት አለ፤ አልነገረችኝም።

ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር አለኝ። አልሰማሁትም። ደገመልኝ፤ መኪናው ይጮሃል፣ አልሰማሁትም። ሦስተኛ እንዲደግምልኝ መጠየቅ አፈርኩ፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉ የጠበቅሁት ድምፅ ነበር። ገባው መሰለኝ ከጉዴ ካርቶን ቀደደ፣ እስክሪቢቶ ለመነ፣ በግራ እጁ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ እየተጨነቀ ጻፈ። «አባዬ ምሳ በላችሁ?» ይላል። በልተን ነበር። አልበላንም አልኩት። አብረን በላን።

ለእሱ የምለው ንግግር ከጊንጪ ጀምሬ አዘጋጅቼ ነበር፤ ያን ማታ ስላልኩት ነገር። አልወጣልኝም። አሁንም አልተናገርኩትም። ለገና ትመጣለህ ወይ ስለው «እናያለን» ነው ያለኝ። መፈልፈሉ እስኪያልቅ አልንቀሳቀስም ብሏል። አመለሸጋ ጉዴ ቤት ቀርታለች፤ መቼ እንደምትመለስ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ፎቶውን እሷ ይዛዋለች። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ።

አውቶብስ ልሳፈር ስል ሌላ ካርቶን ሰጠኝ። የሥራ ጫማ ከጊንጪ እንድገዛለት ነው፤ ወፍራም ሶል ያለው፣ ቁጥር አርባ ሁለት። ዛሬ ጠዋት ገዛሁ። መንገዱ ከተከፈተ ቅዳሜ ይዤለት እሄዳለሁ። ጫማ ነጋዴው ከድሮ ጀምሮ ያውቀናል። ካርቶኑን አይቶ ጆሮዬ ላይ ጮኸና «ጋሼ፣ የፊራኦል እኮ አርባ አንድ ነው» አለኝ።

አድጓል አልኩት።

ተሬፋ ዋቅጋሪ